ለየብቻችን እናስላ

ሰው የሚያመሰግንበት ነገር አያጣም፤ አንዱ ጤናውን፣ ሌላው ልጆቹን፣ ሌላው ጎረቤቱን ያመሰግናል። ሲስተር ቶሎ ግን የምታመሰግነው ግድግዳ ነው። ያውም ሁለት ግድግዳ፤ አንዱ የሆስፒታሉ የሻይ ክፍል ግድግዳ፣ ሁለተኛው ጋሽ ግድግዳ።

ጋሽ ግድግዳ የሕፃናት ክፍሉ አንጋፋ ነርስ ናቸው። ስሙን ያተረፉት ዝምተኛ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ፤ አፋቸው አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው በስንት መከራ ነው። ስሙ የወጣላቸው መድኃኒት ሲያሰሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ስለሚያዞሩ ነው። ለጨቅላ የሚሰጥ መድኃኒት ቀልድ አያውቅም። መጠኑ የሚሰላው በሕፃኑ ክብደት ነው፤ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች ያው የሚያድነው መድኃኒት ጉድ ይሠራል። ስለዚህ በክፍሉ ደንብ ሁለት ነርሶች ለየብቻቸው ያሰሉና መልሳቸውን ያስተያያሉ። ከተስማማ ይሰጣል። ካልተስማማ አይሰጥም፤ ማን ልክ ነው ተብሎ ክርክር አይገጠምም፣ ወይ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ፣ ወይ ሦስተኛ ሰው ይጠራል።

ደንቡ በየሆስፒታሉ አለ። ግን እንተዋወቅ የለም እንዴ? አንዷ ታሰላለች፣ ሌላዋ በትከሻዋ አሻግራ ታይና «ልክ ነው» ብላ ትፈርማለች። ጋሽ ግድግዳ ዘንድ ይሄ አይሠራም። ወረቀታቸውን ይዘው ዘወር ይላሉ፣ አፍንጫቸው ቀለሙን ሊነካ እስኪደርስ ይጠጋሉ፣ እዚያው ቆመው ያሰላሉ።

«መልስሽን ካየሁ ጭንቅላቴ ሥራ ያቆማል» ይላሉ። «እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ከእሳቸው ጋር ለዓመታት ስታሰላ የኖረችው ሲስተር ቶሎ ነች። የእሷም ቅጽል ስም ነው። ቶሎ ትራመዳለች፣ ቶሎ ትበላለች፣ የሰውን ወሬ ከመሃል ነጥቃ ቶሎ ትጨርስለታለች። ይሳቅባታል እንጂ ወዳ አይደለም። ከሆስፒታሉ እንደወጣች በታክሲ ተጋፍታ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለ የግል ክሊኒክ ትሮጣለች፤ የሰው ሁሉ እራት አልቆ ሳህን ሲታጠብ እሷ ገና እዚያ ናት። ባሏ ልጃቸው ስትድህ ነው ያረፈው፤ ከዚያ ወዲህ የቤቱ መሪም ጎማም እሷው ሆነች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወደ አክስቷ ቤት ትሄዳለች፣ እዚያ ትበላለች፣ ብዙ ጊዜ እንቅልፍም እዚያው ይጥላታል።

የቤት ሥራ የሚሠሩት በስልክ ነው። እናት የጋሽ ግድግዳን ዘዴ ለልጇ አስተላልፋላታለች፤ ሒሳቡን ሁለቱም ለየብቻ ይሠሩና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው መልሱን እኩል ይናገራሉ። መልሱ ሲገጥም ልጅቷ በስልክ የምትለቀው ሳቅ ለሲስተር ቶሎ ከሁለቱም ደሞዟ ይበልጥባት ነበር።

የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ የክሊኒኩን ሥራ ትታ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ራሷ መክፈት። «ትንሽ ይጠራቀምልኝ እንጂ እተወዋለሁ» ትላለች በየዓመቱ። ተጠራቀመም። ግን ያ ትንሽ የተባለው ነገር ስንት እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም፤ ልኩ የማይታወቅ ዕቃ ደግሞ ቢቀዱበት ቢቀዱበት መሙላቱ አይታወቅም።

ሽቶዬ ከተፍ ያለችው በዚህ መሃል ነው። ሽቶዬ ድሮ በዚሁ ክፍል ነርስ ነበረች፤ ሥራውን ትታ ከሄደች ወዲህ ግን ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል። አሁን የሕክምና መሣሪያ አስመጥቶ ለሆስፒታሎች ያከራያል ለተባለ ድርጅት ሰው ትመለምላለች። የሻይ ክፍሉ ውስጥ ሲስተር ቶሎን አቅፋ ስማ፣ ጎኗ ተቀምጣ፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ዘረጋችላት።

«እህቴ፣ አንቺ እኮ ገንዘብሽን አስተኝተሽዋል» አለቻት። «ድርሻ ትገዣለሽ፣ ማሽኑ ይሠራል፣ አንቺ ትቀበያለሽ። በዓመቱ እጥፍ! ከዚያ ያንን ክሊኒክ ደህና ሁን ትይዋለሽ።»

«በዓመቱ?»

«በዓመቱ። የማሽንን ነገር ለአንቺ ልንገርሽ እንዴ? ማሽን ፊት የሚሰለፈውን ሰው በየቀኑ የምታዪው አንቺ ነሽ። ደግሞ የናንተው ዶክተር ገብቷል። እሱ ያላየውን እኔና አንቺ እናያለን?»

ሲስተር ቶሎ ከዚያ በኋላ የሰማችው ጥቂት ነው። በሐሳቧ በሩን ከፍታ ልጇን እያስገባች ነበር። ሽቶዬ ስትነሳ «ዓርብ ይዘጋል፣ የኔ ቆንጆ፤ ላንቺ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» ብላ ጉንጯን ሳመቻትና ሽቶዋን ትታላት ወጣች።

ያን ቀን ከሰዓት ሁለቱ የአንዲት ጨቅላ መድኃኒት አስልተው፣ መልሳቸው ገጥሞ፣ መርፌው ከተሰጠ በኋላ ሲስተር ቶሎ እጇን እየታጠበች ነገሩን ጣል አደረገችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ማሽኑ ላይ አልገቡም እንዴ?»

«የቱ ማሽን? ሽቶዬ የምታዞረው?» ሳቅ አሉ። «አላሰላሁትማ።»

«ዶክተር እኮ ገብቷል።»

«ያሰላውን አየሽ?»

«ኧረ ጋሼ! ዶክተር ነው እኮ፤ ተምሯል።»

«ስለ ትምህርቱ መች ጠየቅኩሽ? ባለፈው የጻፈውን መጠን እኔና አንቺ አይደለን እንዴ እንደገና ያሰላነው? ተቀየመ? አመሰገነን እንጂ።»

«እሱ መድኃኒት ነው።»

«ይሄስ? የስንት ዓመት ማታሽ አይደል እንዴ?»

ሲስተር ቶሎ ውሃውን ዘግታ የደረቀ እጇን ደግማ ማድረቅ ያዘች። ጋሽ ግድግዳም ንግግራቸው የከበዳት መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ስለ ገንዘብ የማውቀው ከደሞዝ ቀን እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን ያለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእምነት ነው የምኖረው። እንደ አዋቂ አትዪኝ። ግን ወረቀቱን አስገልብጪልኝ። ለየብቻችን እናስላውና ነገ እናስተያይ።»

ማግስቱን አስተያዩ። ሲስተር ቶሎ ወረቀቷን ዘረጋች፤ ያላት ገንዘብ፣ ከጎኑ እጥፉ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር። ጋሽ ግድግዳ አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የወረቀቱ መልስ ነው። ያንቺ የታለ?»

«እንዴት የኔ የታለ? እሱ ነዋ!»

«ገልብጠሽዋል እንጂ አላሰላሽውም። እኔ ደግሞ አልወጣልኝም። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስፈልገው አጣሁት፤ እኔ አላውቅበት ይሆናል። ግን መልሳችን አልገጠመም።»

ደሟ ፈላ። ሽማግሌው ጡረታቸው ደርሷል፣ ልጆቻቸው አድገዋል፣ እሳቸው ምን ቸገራቸው! ልጇ የአክስቷን ቤት «ቤታችን» እያለች መጥራት የጀመረችባት እሷ ናት። «ጋሼ፣ ዓርብ እኮ ይዘጋል!» አለች፤ ድምጿም ከጠበቀችው በላይ ወጣ። ወዲያው ግን ከራሷ አፍ የወጣው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። በክፍሉ ስንቱን አዲስ ነርስ «አትቸኩዪ፣ የሚቸኩል ሰው ሲያጣድፍሽ ያን ጊዜ ነው ደግመሽ ማሰብ ያለብሽ» ብላ ያስተማረችው እሷ ራሷ ነች። ስሟ ቶሎ ይሁን እንጂ መድኃኒት ላይ ቸኩላ አታውቅም።

«እሺ» አለች በረጅሙ ተንፍሳ። «ካልገጠመ አይሰጥም። ሦስተኛ ሰው እንጥራ።»

ሦስተኛው ሰው ማን ይሁን? ገብቷል የተባለው ዶክተር ነዋ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ተለማማጅ ሆኖ ሲመጣ የሕፃን ደም ሥር እንዴት እንደሚፈለግ እጁን ይዛ ያሳየችው ሲስተር ቶሎ ስለሆነች እስከ ዛሬ «አንተ» ትለዋለች፣ እሱም ይወድላታል። ሻይ ክፍል ውስጥ ብስኩት ሲነክር አገኙት።

«ዶክተርዬ፣ ማሽኑ ላይ ስትገባ እንዴት አስልተህ ነው?» አለችው።

ብስኩቱ ብርጭቆው ውስጥ ሰጠመ። «እኔ? እናንተ ገብታችሁ የለ እንዴ?»

«እኛ?»

«ሽቶዬ ናታ! ሲስተር ቶሎና ጋሽ ግድግዳ ገብተዋል አለችኝ። እኔም ጋሽ ግድግዳ ሳያሰሉ አይገቡም ብዬ የድርሻዬን ግማሽ በማግስቱ ከፈልኩ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ጋሽ ግድግዳ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። እሷ ልትገባ የነበረው እሱ ስለገባ ነው፤ እሱ የገባው እነሱ ስለገቡ ነው። ከሁለቱ ቁጥሩን የነካ አልነበረም። አንድ ጨቅላ ፊት ቢሆን ኖሮ አያደርጉትም፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን እንደ ተራ ነገር አለፉት። ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው ለሌላው ሲጠነቀቅ ይውልና የራሱ ነገር ላይ ሲደርስ ጥንቃቄው ያልቅበታል መሰለኝ።

«በሉ» አሉ ጋሽ ግድግዳ ከመቀመጫቸው እየተነሱ፤ «ግድግዳ አልጠፋም።»

ሦስቱም ወረቀትና እስክርቢቶ ያዙ። ዶክተሩ በመስኮቱ በኩል፣ ጋሽ ግድግዳ በማቀዝቀዣው ጎን፣ ሲስተር ቶሎ በበሩ አጠገብ፣ እያንዳንዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ሴትዮ ፎጣ ለማስቀመጥ ገብታ ሦስት ጀርባ አየች።

«ምን አጥፍታችሁ ነው የተቀጣችሁት?» አለች።

«ሳናሰላ ገብተን» አላት ዶክተሩ ሳይዞር።

ዶክተሩ ማሽን ስለሚያውቅ ከማሽኑ ጀመረ። የእነሱ ሆስፒታል ማሽን በቀን ስንት ሰው እንደሚያይ፣ ሲበላሽ መለዋወጫ እስኪመጣ ምን ያህል ጊዜ ሸራ ለብሶ እንደሚቆም ያውቃል። ብልሽቱን ሁሉ ተወውና ማሽኑ ሳያርፍ፣ ሳይበላሽ፣ ሰልፉ ሳይቋረጥ ቢሠራ ብሎ አሰላ። እንደዚያም ሆኖ የተባለውን እጥፍ ሊያመጣ ቀርቶ አጠገቡም አይደርስም። ጋሽ ግድግዳ ደግሞ ወረቀታቸው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጻፉት፤ ማሽኑ ካላመጣው፣ እስካሁን የተከፈላቸው ሰዎች ከየት ተከፈላቸው? ሁለቱ ዞረው ወረቀታቸውን ሲያስተያዩ መልሱ ወለል ብሎ ታየ። የተከፈላቸው አዲስ የገባው ሰው ባመጣው ነው። አዲስ የሚገባው ሰው ደግሞ ሲስተር ቶሎ ነበረች።

ሲስተር ቶሎ ግን አልዞረችም።

«ሲስተር?» አላት ዶክተሩ።

«ቆይ።»

እሷ ያሰላችው ማሽኑን አይደለም። ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር፣ ነጩ ቀለም ላይ የታያት ጥያቄ ሌላ ሆነባት፤ ክሊኒኩን ለመተው የሚያስፈልገኝ በትክክል ስንት ነው? ስለዚህ የክሊኒኩን ደሞዝ ጻፈች። ከሱ ላይ ግብሩን ቀነሰች። ታክሲውን ቀነሰች፤ የማታው ታክሲ ደግሞ እጥፍ ነው። ደክሟት ስለማታበስል የምትገዛውን ምግብ ቀነሰች። ለልጇ እራትና ለመሰል ወጪ ለእህቷ የምትሰጠውን ቀነሰች። በየቀኑ ስላልነበረች ለልጇ በካሳ መልክ የምትገዛላትን ከረሜላና አሻንጉሊት ጻፈችው፣ ተወት አደረገችው፣ ከዚያ እውነቱን ተቀብላ ቀነሰችው። የቀረውን ስታየው ተሳሳትኩ ብላ ከላይ ጀመረች። ሁለተኛም ያው ሆነ። ፍርፋሪ ነበር።

ያን ሁሉ ማታ የሸጠችው በፍርፋሪ ነው። ያጠራቀመችው ገንዘብ ደግሞ ለዓመታት ወለድ በማይከፈልበት ሒሳብ ውስጥ ተኝቷል፤ ባንኩ ሄዳ በጊዜ ገደብ ብታስቀምጠው፣ ባንኩ በሩ ላይ በለጠፈው ልክ የሚያገኘው ወለድ ብቻ ያችን ፍርፋሪ ይሸፍናታል። እጥፍ አያስፈልጋትም ነበር። ዓርብም አያስፈልጋትም ነበር። የምትመኘው ነገር ድሮ በእጇ ገብቶ፣ እሷ ሳታየው እየሮጠች ታልፈው ነበር።

ስትዞር ፊቷን አይተው ሁለቱም ደነገጡ። ወረቀቷን ግን አላሳየቻቸውም። ለጋሽ ግድግዳ ቁጥሮቹን ብቻ በቃል ነገረቻቸው፦ «ደሞዙ ይሄ፣ ታክሲው ይሄ፣ የባንኩ ወለድ ደግሞ ይሄ። እርስዎም ያስሉልኝ፤ መልሴን አልነግርዎትም።»

ሽማግሌው ዞሩ። ብዙ ቆዩ፤ እሷም እንደዚያ ቀን የሰው ጀርባ አይታ አታውቅም። በመጨረሻ ዘወር ሳይሉ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ፤ ሁለቱም እኩል ተናገሩ። ገጠመ።

«ይሰጣል» አሉ ጋሽ ግድግዳ።

ሲስተር ቶሎ ሄዳ እጃቸውን ሳመች። «ኧረ ተይ! አንቺው ነሽ ያሰላሽው!» ብለው እጃቸውን ነጠቋት፤ አዎ፣ እሷው ነች። ግን ሰው ግድግዳውን ካላሳዩት ብቻውን ዞሮ አያየውም፤ ይህን እያሰበች ደግማ አመሰገነቻቸው።

ዓርብ ሽቶዬ መጣች። ዶክተሩ ማሽኖቹ የትኛው ሆስፒታል እንዳሉና ሄዶ ማየት ይችል እንደሆነ ብቻ ጠየቃት። «አታምኑኝም ማለት ነው?» አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ሲስተር ቶሎ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቆጣት ነበር፤ ያን ቀን ግን ልቧ ሞልቶ ለቁጣ የተረፈ ቦታ አልነበረውም።

«አንቺስ አስልተሽዋል?» አለቻት።

ሽቶዬ የእናቷን ቤት የሸጠችበት ገንዘብም እዚያው ድርጅት ውስጥ ነበር። እሷም ድሮ ከጋሽ ግድግዳ ጋር ያሰላች ልጅ ናትና፣ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ወረቀቱን ይዛ ወደ በሩ ግድግዳ ዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው አላስገባችም፤ ገና በጊዜ ስለጠየቀች ከእናቷ ገንዘብ የተወሰነውን ለማስመለስ በቃች። ድርጅቱ ወራት ሳይቆይ በሩን ዘጋ። ዶክተሩ የከፈለው ግማሽ ቀለጠ፤ እሱ ግን «ለጋሽ ግድግዳ የከፈልኩት የትምህርት ክፍያ ነው፤ ሌላው ግማሽ ስለተረፈልኝ ተመስገን» እያለ ይስቅበታል።

ሲስተር ቶሎ ባንክ ሄደች፤ መስኮት ላይ ያለችውን የባንክ ሠራተኛ በጥያቄ አድርቃ፣ ገብቷት ፈረመች። ከዚያ ክሊኒኩን ተሰናበተች።

የመጀመሪያው ቀን ከሆስፒታል ወጥታ እግሯ በልማድ ወደ ክሊኒኩ ታክሲ መራት፤ ከመንገድ መለሰችው። ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። የራሷ ሳሎን ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ረስታው ኖሯል፤ ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተንጣሎ አገኘችው። ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ሻይ ጣደች፣ እህቷ ዘንድ ደውላ «ዛሬ ወደ እኔ ላኪልኝ» አለች። ከዚያ በሩ ኋላ ቆማ ጠበቀች።

የእግር ኮቴ ሰማችና ሳይንኳኳ ከፈተችው። ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻት። አልሮጠችም፣ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ገብታ እጇን የእናቷ ግንባር ላይ አሳረፈች።

«እማዬ፣ አመመሽ?»

እናት እቤት በብርሃን የምትገኘው ሲያማት ብቻ እንደሆነ ነው ልጅቷ የምታውቀው። ሲስተር ቶሎ ዘወር አለች። አፍንጫዋ ቀለሙን ሊነካ እስኪደርስ ወደ ግድግዳው ተጠጋች፣ እንባዋም ወረደ፤ የደስታም የጸጸትም ነበር፣ ግን ምስጋናው በልጦ ነበር።

ልጅቷ ከኋላዋ መጥታ ቀሚሷን ያዘች። «ምን እያሰላሽ ነው?»

«ቆይ የኔ እናት» አለች ሲስተር ቶሎ፤ «መልሴን እንዳታዪብኝ።»